ትንሽ ትንሹ ነገር ተጠራቅሞ አስጨነቀኝ፤ ይሄ ነገር ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ከ«የሂሳብ ክፍሏ»

ሰላም ለእናንተ። ጽሑፉ ስለረዘመ ይቅርታ። ለማንም በቅጡ ያልነገርኩትን ነው የምጽፈው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከገባሁ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ነን። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሰኔ 30 ሲቃረብ ሰው ሁሉ ይጨነቃል፤ እኔ ግን ሂሳቡ ተዘግቶ ግራና ቀኙ እኩል ሲመጣ የሚሰማኝ ደስታ ሌላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነው። የድሮዋ ኃላፊያችን ለቀቀችና አዲስ ተመደበችልን። በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ላይ የቫት ሪፖርቱን ሳይ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ተናገርኩ። ያዘጋጀችው እሷ መሆኗን አላወቅኩም ነበር። ለገቢዎች ከመግባቱ በፊት ይስተካከል ብዬ ነው። «አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ ፊቷ ግን ተለዋወጠ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን መመለስ ተወች። ጠዋት «ደህና አደራችሁ» ስል ሌሎቹ መጀመሪያ እሷን አይተው ነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚመልሱልኝ። ማታ አምስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ሥራ ትልክልኛለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሰው ፊት «እስካሁን አላለቀም?» ትለኛለች። ያደግኩት ደብረ ታቦር ነው። ከደንበኛ ጋር በስልክ ሳወራ ያልኩትን ቃል ከኋላዬ በኔው አነጋገር ትደግመዋለች። ክፍሉ ይስቃል።

አራት ሰዓት ላይ ቡና እንጠጣለን። ከሕንፃው ሥር ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ድሮ «ተነሺ እንጂ» ይሉኝ ነበር። አሁን አምስቱም አንድ ላይ ይነሳሉ። ወንበሮቹ ሲገፉ እሰማለሁ፤ ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳም። ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻዬን እቀመጣለሁ። ሲመለሱ የዕጣኑ ሽታ ልብሳቸው ላይ አለ። ስንት ነገር እያለ እኔን በጣም የሚያስለቅሰኝ ያ ሽታ ነው።

ከጥር ወዲህ ባሰ። እኔ የሌለሁበት አዲስ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። የወር መዝጊያ ስብሰባ ሰዓቱ ሲቀየር ለእኔ አልተነገረኝም። በድሮው ሰዓት ስገባ «ላንቺ ለብቻሽ ሰዓት አለሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የነበረኝን ፈቃድ አስነሳችና መጋዘን ገብቼ ከ2012 ጀምሮ ያሉ ቫውቸሮችን በቁጥር እንዳስተካክል አዘዘችኝ። በዲግሪዬ፣ በሦስት ዓመት ልምዴ፣ አቧራ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። የግማሽ ዓመት ግምገማዬ ሲመጣ ደግሞ «የሥራ ተነሳሽነት የላትም» ይላል።

እሁድ ማታ እንቅልፍ የለኝም። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ስሳፈር ሆዴን ይቆርጠኛል። ለእናቴ ሳጫውታት «ዓይን ነው ልጄ፣ ጸበል ግቢ» አለችኝ። ሄድኩ፤ እውነት ለመናገር እዚያ ስሆን ልቤ ያርፋል። ሰኞ ግን ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ወንድም አለኝ፤ የቤት ኪራይም አለ። ዘልዬ መልቀቅ አልችልም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ኤች አር (የሠራተኛ አስተዳደር) ቢሮ ሄጄ ምን ልበል? «ቡና ሲሄዱ አልጠሩኝም» ልበል? የ31 ዓመት ሴት ነኝ። እኔ ነኝ ነገር የማጋንነው? ወይስ ይሄ ነገር ስም አለው?

መልስ 1፦ ከ«ስቶክሆልም ነኝ»

እህቴ፣ ስም አለው። አላጋነንሽም።

እኔ እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ስዊድኖች «ሞብኒንግ» ይሉታል፤ አንድን ሰው ደጋግሞ ማሸማቀቅና ማግለል ማለት ነው። እዚህ አገር ብዙ የተመራመረበት ሄይንዝ ሌይማን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ነበር። የእሱ መለኪያ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር የሚደጋገም የሚል ነው። ልብ በይ፤ የአንዱን ድርጊት ትልቅነት አይደለም የለካው። መደጋገሙንና መቆየቱን ነው። ካንቺ ጥቅምት ጀምሪና ቁጠሪ።

ስዊድን ስለዚህ ጉዳይ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሰውን ከሥራ ባልደረቦቹ ማግለልንና ደጋግሞ ማዋረድን አሠሪው እንዲከላከል ያስገድድ ነበር፤ በኋላ በሌላ ደንብ ተተክቷል። እኔ ላይ ሲደርስ ይሄን አላውቅም ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ስገባ ወሬ ይቆማል። የምሽት ተራ ሲወጣ ስሜ ብቻ ቅዳሜና እሁድ ላይ ይደረደራል። «ቋንቋዬ ስላልተስተካከለ ነው፣ ቀለሜ ስለሆነ ነው፣ የስደት ነገር ነው» ብዬ ዓመት ሙሉ ቻልኩት። በመጨረሻ ለሠራተኞች የደኅንነት ተወካይ የነገረችልኝ አንዲት ፊንላንዳዊት ናት። የሦስት ወር የተራ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጣ አሳየቻቸው። ያኔ ማንም መካድ አልቻለም።

አንቺ ያለሽበት አገር ሕጉ ሌላ ነው፤ ስለእሱ የሚያውቅ ይንገርሽ። እኔ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ሐኪም ጋ ሂጂ። ጸበሉንም አትተዪ፣ ሐኪሙንም አትተዪ። እንቅልፍ ማጣትና ሆድ ቁርጠት ቀልድ አይደለም። እኔ ዘግይቼ ነው የሄድኩት፤ እስካሁን ዋጋ እየከፈልኩ ነው።

መልስ 2፦ ከ«የድሮ ፐርሶኔል»

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። 27 ዓመት የሠራሁት በሠራተኛ አስተዳደር ነው፤ የዛሬዎቹ ኤች አር የምትሉት። መጀመሪያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በኋላ በግል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ ልንገርሽ።

አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ዝምተኛ፣ ሰዓት አክባሪ። አንድ ቀን ቢሮዬ ገባና ኮፍያውን እያሻሸ «ጋሼ፣ ሰዎቹ አይወዱኝም» አለኝ። እኔም «ሥራ ቦታ የምትመጣው ልትሠራ ነው፤ ዘመድ ፍለጋ አይደለም» ብዬ መለስኩት። ትክክል የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ጠፋ። መልቀቂያ አላስገባም፣ ክሊራንስ አልጨረሰም። የሥራ ልምድ ማስረጃውን አዘጋጅቼ ፈርሜ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ጡረታ ስወጣ መሳቢያዬን ሳጸዳ ወረቀቱ እዚያው ነበር። ቢጫ ሆኗል። በኋላ እንደሰማሁት ቁልፉን እየደበቁበት፣ ዕቃ ጎደለ እያሉ በሐሰት እያስጨነቁት ነበር። ይሄን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ያኔ ምን ይዞ ቢመጣ ኖሮ እሰማው እንደነበር አስቤበት ስለማውቅ ነው።

ቀን ይዞ ቢመጣ ነበር የምሰማው።

«አይወዱኝም» ስሜት ነው፤ ኃላፊ ከስሜት ጋር ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «መጋቢት 4፣ ጠዋት፣ ቁልፉ ከተሰቀለበት ጠፋ፣ እገሌ ነበር፣ ሥራው ሁለት ሰዓት ቆመ» ቢለኝ ግን መነሳቴ ግድ ነበር። አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ። ያለ ደረሰኝ ወጪ አትመዘግቢም። አሥር ብር ለብቻዋ ምንም አይደለችም፤ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ አሥር ብር ከጎደለ ግን ኦዲተር ይጠራል። ይሄም እንደዚያው ነው። ደብተር ግዢ፤ ቢሮ ሳይሆን ቤት የምታስቀምጪው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል ራሱን፣ ማን እንደነበረ፣ ሥራው ላይ ምን ጉዳት እንዳደረሰ ጻፊ። «ክፉ ናት» ብለሽ አትጻፊ። ማታ አምስት ሰዓት የላከችውን መልእክት ከነሰዓቱ አስቀሪው። ከጥቅምት ወዲህ የምታስታውሺውንም አሁኑኑ ጻፊ፤ በትክክል የማታስታውሺውን ቀን ግን አትፍጠሪ። አንድ የፈጠርሽው ቀን ሃያ እውነተኛ ቀን ያበላሽብሻል።

ጥብቅ አለቃና ሰው አሸማቃቂ አለቃ እንዳይቀላቀሉብሽ። ጥብቅ አለቃ ሁሉንም ይቆጣል፣ ስህተቱን ያሳያል፣ ሲስተካከል ይተወዋል። ያንቺዋ ሰዓት ስትቀይር አትነግርሽም፣ ከዚያ በመዘግየትሽ ሰው ፊት ታዋርድሻለች። ሥራውን ከእጅሽ ትወስዳለች፣ ከዚያ ተነሳሽነት የላትም ትላለች። እዚህ ላይ ስህተት ማረም የለም። ስህተት ማምረት ነው ያለው።

ኤች አር ከመሄድሽ በፊት አንድ ጊዜ ለብቻዋ አነጋግሪያት። ቡናውን አታንሺ፣ ሳቁንም አታንሺ። ሥራውን አንሺ። «ባለፈው የስብሰባው ሰዓት ሲቀየር አልሰማሁም፤ ከአሁን በኋላ እኔንም በጽሑፍ ያሳውቁኝ» በያት። አጭር ይሁን። ድምፅሽን አታንሺ፣ ምክንያት አትደርድሪ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። ያንኑ ቀን ያልሽውን በኢሜል ላኪላት። ከተስተካከለች እሰየው። ካልተስተካከለች አሁን ያልሰማች አይደለችም፤ ተነግሯት እምቢ ያለች ናት። ይሄ ለኤች አር ትልቅ ልዩነት አለው።

ግምገማውን በተመለከተ፣ ፈርመሽበታል? ካልፈረምሽ «ተመልክቼዋለሁ፤ በውጤቱ አልስማማም» ብለሽ ጽፈሽበት ፈርሚ። ከፈረምሽም ቅሬታሽን በደብዳቤ አስገቢ። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቺ። ያለ ማኅተም የገባ ደብዳቤ አልገባም ማለት ይቻላል፤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቂ። ቅሬታ ስታቀርቢ አንዳንድ ደግ ሰዎች ሽማግሌ ሆነው «ተቃቀፉ፣ ይለፍ» ሊሉ ይችላሉ። ሽምግልና እወዳለሁ፤ እኔም ብዙ ሰው አስታርቄያለሁ። ግን ሽምግልና ለተጣሉ ሰዎች ነው። አንቺ አልተጣላሽም። አንዷ ኃላፊነቷን ተጠቅማ ስትበድል፣ አንቺ ስትበደዪ ነው የከረምሽው። አስታርቀው ቢመልሱሽ በማግስቱ ሰዓቱ ይቀየራል፣ አንቺም አትሰሚም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ «ታርቀን ነበር እኮ» ይባላል። ስለዚህ ይቅርታውን ተቀበዪ፤ ሥራሽ ወደ ቦታው እንዲመለስ ግን በጽሑፍ ጠይቂ።

ሕጉን በአጭሩ። የግል ድርጅት ስለሆነ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አሠሪ የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የማክበር ግዴታ አለበት ይላል። ጾታዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል፤ እንዲህ ያለ ነገር ካለበት አንድ ቀንም አትቆዪ፣ ተናገሪ። አንቀጽ 32 ደግሞ አሠሪው ሰብአዊ ክብርንና ሞራልን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። ግን ይሄን ሰምተሽ ተናደሽ እንዳትወጪ። መብቱ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይታገዳል። የማስረዳቱም ሸክም ያንቺ ነው የሚሆነው። ጠበቃ ሳታማክሪ አትሞክሪው። በራስሽ ፈቃድ በሰላም መልቀቅ ከፈለግሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ትወጫለሽ።

ስቶክሆልም ያለችው እህታችን ስለ ሐኪም ያለችው ልክ ነው። ሐኪም ዕረፍት ካዘዘልሽ በዚሁ አዋጅ የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ወረቀቱን ወዲያው አስገቢ። ከፍቶሽ ዝም ብለሽ ቤት መቅረት ግን በፍጹም። መቅረትሽን ነው የሚፈልጉት፤ በሕግ የሚያሰናብቱሽ በእሱ ነው።

መልስ 3፦ ከ«ዝም ያልኩት»

እኔ የምጽፈው ከሌላው ወገን ሆኜ ነው።

አስተማሪ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ላይ ልክ እንዳንቺ ተደረገ። የሚመራው የትምህርት ክፍል ኃላፊው ነበር። እኔ ምንም አላልኳትም፤ አልሰደብኳትም። ግን ሲስቁ ስቄያለሁ። ስትገባ ጋዜጣ አነሳ ነበር። ለምን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። እሷን ካናገርኩ ቀጣዩ እኔ እንዳልሆን ፈርቼ ነው። ደረጃ ዕድገቴ እሱ እጅ ላይ ነበር።

ባለፈው ዓመት ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ብዙ አልወቀሰችኝም። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ አጠገቤ መጥተህ ሻይህን ብትጠጣ ይበቃኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይሄ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ እህቴ፣ ከአምስቱ ውስጥ ሲሳቅ ዓይኑን የሚሰብር ማን እንደሆነ እዪ። አንድ አይጠፋም። እሱን ወይ እሷን ለብቻ፣ ከቢሮ ውጭ አነጋግሪ። «ከእኔ ጋር ቁሙልኝ» አትበዪ፤ ይደነግጣሉ። «የስብሰባ ሰዓት ሲቀየር አንዲት መስመር ጻፊልኝ» ብቻ በዪ። ትንሽ ነገር ነው፤ ሰው ትንሽ ነገር እምቢ ለማለት ይከብደዋል። ይሄን የሚያነብና ዝም ብሎ የሚያይ ካለም እባክህ ነገ ጠዋት ሰላምታዋን ጮክ ብለህ መልስላት።

መልስ 4፦ ከ«ባለ 12 ቁጥር»

ሕይወት አጭር ናት፤ ልቀቂ። ሌላ ሥራ አይጠፋም።

መልስ 5፦ ከ«የድሮ ፐርሶኔል»

ለባለ 12 ቁጥር፦ ወንድሜ፣ በቅንነት እንዳልከው ይገባኛል። ወንድሟን የምታስተምረው ግን እሷ ናት። ሌላ ሥራ ትፈልግ፣ አዎ፤ እየሠራች ትፈልግ። በሯን ዘግታ የምትወጣውም ስታገኝ እንጂ ተገፍታ አይሁን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፦ ከ«የሂሳብ ክፍሏ»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በተለይ ጋሼ፣ ስለ ግምጃ ቤቱ ሰው የጻፉትን ሳነብ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

ደብተር ገዛሁ። ከጥቅምት ጀምሮ እርግጠኛ የሆንኩባቸው 17 ነገሮች ወጡ። አንድ ላይ ሳያቸው ደነገጥኩ። ለካ እኔ ሳልሆን ቁጥሩ ነው የሚናገረው። ከዚያ ቢሮዋ ገብቼ ያሉኝን ቃል በቃል አልኳት። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ከኋላዬ ያዝኩት። «አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ወጥቼ ኢሜሉን ላኩላት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባው እንደገና ተቀየረ፤ አላሳወቀችኝም። ግን አወቅኩ። ጥግ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ሦስት ቃል በቴክስት ጻፈችልኝ፦ «ወደ ስምንት ሆኗል።» ዓይኗን የምትሰብረው እሷ ነበረች። ዝም ያልከው ወንድሜ፣ አመሰግንሃለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤዬን ይዤ ኤች አር የገባሁት። ኃላፊው መጀመሪያ «ሴቶች ስትሆኑ…» ብሎ ሊጀምር ነበር። ወረቀቱን ሰጠሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ። ማኅተሙን ሳልጠይቀው አስመታልኝ። በአሥረኛው ቀን የፒችትሪ ፈቃዴ ተመለሰ። ግምገማውን ሌላ ሰው እንደገና ያየዋል ተባልኩ።

ሐኪም ጋም ሄጃለሁ። እንቅልፌ ትንሽ ተሻሽሏል። ሌላ ቦታም ሁለት ማመልከቻ አስገብቻለሁ።

እሷ አሁንም ሰላምታዬን አትመልስም። ቡና ላይም አልተጠራሁም። የጥጓ ልጅ ግን ትናንት ከእነሱ ጋር አልወረደችም። ሥራ አለብኝ ብላ ቀረች። ምንም አላወራንም። ሁለታችንም ጸጥ ብለን ቫውቸር ስንመታ ቆየን።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ጋሼ ቢመልሱልኝ። ኤች አር ለሰኞ ሁለታችንን ጠርቶናል። «ጉዳዩ በስምምነት ተፈቷል» የሚል ወረቀት ተዘጋጅቷል መሰለኝ፤ ጸሐፊዋ ነገረችኝ። ልፈርም?

መልስ 6፦ ከ«የድሮ ፐርሶኔል»

ጎበዝ ልጄ።

እዚያው እንዳትፈርሚ። «ቤት ወስጄ አንብቤ ነገ አመጣለሁ» በዪ፤ መብትሽ ነው። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር መኖሩን እዪ፦ የስብሰባና የሥራ መልእክት ለሁሉም እኩል በጽሑፍ እንደሚደርስ፣ የሥራ ድርሻሽ ምን እንደሆነ፣ ግምገማው በማንና እስከ መቼ ተጠንቶ እንደሚያልቅ። እነዚህ ከሌሉ «ተፈቷል» የሚለው ቃል ላይ አትፈርሚ። ካሉ ፈርሚ፤ ቅጂሽን ከነማኅተሙ ይዘሽ ውጪ። ደብተሩን ግን ከፈረምሽም በኋላ አትዝጊው።

ሰኞ ማታ ምን እንደሆነ ጻፊልን። እጠብቃለሁ።